ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጾም ምግብና ስለ አጥንት
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቫይታሚን ዲ ነው። «ፀሐይ በሞላበት አገር ደግሞ የምን የፀሐይ እጥረት ነው?» ስትሉ ሰምተናል። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ከጎረቤቶቻችን የአንዷ ሕፃን ዓመት ከመንፈቅ አልፎት መራመድ ሲያቅተው፣ እግሩም እንደ ቀስት ሲጎብጥ እያየን «ግድ የለም፣ ሲያድግ ይቃናል» ብለን እናቲቱን ያዘናጋናት እኛው ነን። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሪኬትስ ተባለ። አሁን በሕክምና ላይ ነው። ይህን የምንናገረው በእናቲቱ ፈቃድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየም ነው። ቫይታሚን ዲ ካነሰ ግን አንጀት ከምግቡ ውስጥ ካልሲየሙን በበቂ ሁኔታ መውሰድ አይችልም። በልጅ ጊዜ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል፣ ጥርስ ይዘገያል። በትልቅ ሰው ላይ ወገብና ጭን ያማል፣ ከወንበር መነሣት ይከብዳል፤ እሱንም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ይህ ቫይታሚን በምግብ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ቅባት ባለው ዓሣ፣ በጉበት፣ በእንቁላል አስኳል ውስጥ አለ። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ሌላ ብዙ ጥቅም አላቸው፤ ቫይታሚን ዲ ግን የላቸውም። ስለሆነም ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ይልቁንም ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የተወ ሰው ከማዕዱ የሚያገኘው የለም ማለት ይቻላል። ጾም ይቅር ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን! እውነቱን ለመናገር ፍስክም ቢሆን አያኮራም፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 40 ዩኒት ገደማ ሲሆን፣ ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት ነው። (ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለውም ለጾመኛ ያሳስባል፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

የቀረው ታዲያ ፀሐይ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በበርሊን ሪኬትስ ያለባቸውን ልጆች እንደ ፀሐይ ባለ የመብራት ጨረር አድኗል። ቆዳችን ቫይታሚኑን ራሱ ይሠራዋል፤ ጨረሩ ግን ቆዳውን መንካት አለበት። መስተዋት ያንን ጨረር ያስቀረዋል። ሕፃኑን በተዘጋ መስኮት ሥር አስተኝቶ «ፀሐይ ሞቀ» ማለት ሙቀቱን ብቻ ማግኘት ነው። በጋቢ ጠቅልሎ ማውጣትም ያው ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ማውጣትም ብዙ አይረዳም፤ ጥላችን ከቁመታችን በጣም ሲረዝም ጨረሩ ደካማ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እጅና እግርን ገልጦ፣ የሕፃኑን ዓይን ከልሎ፣ ቆዳው ሳይለበለብ ጥቂት መቆየት ይበጃል። ጠቆር ያለ ቆዳ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ምች ይመታዋል ብላችሁ የምትፈሩ እናቶች አላችሁ፤ እኛም በዚያው ፍርሃት ነው ያደግነው፤ ቢሆንም የሕፃኑ አጥንት ጨለማ ክፍል ውስጥ አይጠናም።

የእናት ጡት ወተት ወደር የለውም፤ ቫይታሚን ዲ ግን ጥቂት ነው ያለው። ስለዚህ ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት በጠብታ እንዲሰጥ ሐኪሞች ይመክራሉ።

ስለ ክኒኑ ሁለት ነገር እንበል። አንደኛው «ጾም ያስገድፋል ወይ?» የሚለው ነው። ዲ 3 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ሱፍ ቅባት ይሠራል፤ የአንዳንዱ ክኒን ልባስም ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ነው። ዲ 2 ግን ከእርሾ ወይም ከእንጉዳይ ይገኛል። ፋርማሲ ጠይቁ፤ የቀረውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት፣ እኛ አንፈርድም። ሁለተኛው ያስጨንቀናል። ልጆቻቸው ከውጭ አገር የላኩላቸውን ብልቃጥ አንድ አባታችን በየቀኑ አንድ አንድ ሲውጡ ከርመዋል። ጽሑፉ ሲነበብ 50,000 ዩኒት ሆኖ ተገኘ! ይህ ሐኪም ሲያዝ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም፤ ደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ያስታውካል፣ ውሃ ያስጠማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪም ሳያዝ ከ4,000 በላይ መውሰድ አይገባም። ብልቃጥ መዋዋሱም ይቅር።

በመጨረሻ ስለ ግቢያችን። በ3 ሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለን፤ እሱም ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ነው። እዚያ ደግሞ አምስት መኪና ይቆማል። ባለመኪኖች ወንድሞቻችን፣ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ወደ በሩ በኩል እንድታዞሩልን በትሕትና እንለምናለን። ከሰኞ ጀምሮ ለአራሶችና ለአዛውንቶች ሁለት አግዳሚ ወንበር እናወጣለን።

የማኅበሩ የጤና ክፍል