አይቶ መራቅ ዕቅድ ነውን? ስለ ዳላሱ የአየር ላይ ግጭት የተደረገ ንግግር



የንግግሬ መነሻ የራሴ ስሕተት ነው። ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ በተካሄደ የአየር ትርኢት ላይ ሁለት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ በቢ-17 ቦምብ ጣዩ ላይ፣ አንዱ ደግሞ በፒ-63 ተዋጊው ላይ የነበሩ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ተንቀሳቃሽ ምስሉን ለተማሪዎቼ አሳየሁና «የተዋጊው አብራሪ ሳያይ ገባበት» ብዬ አለፍሁ። ባለ አራት ሞተር ግዙፍ አውሮፕላን እንዴት አይታይም?

ያንን ፍርድ ዛሬ አነሣለሁ። ምስሉን ያነሣው ሰው መሬት ላይ ቆሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያይ ነበር፤ አብራሪዎቹ ግን አያዩም ነበር። ፒ-63ቱ ከሦስት ተዋጊዎች የመጨረሻው ነው። ትርኢቱን በሬዲዮ የሚመራው ኃላፊ ተዋጊዎቹ ተከታትለው ከቦምብ ጣዮቹ ፊት አልፈው ወደ 500 ጫማው መስመር እንዲመጡ፣ ቦምብ ጣዮቹ በ1000 ጫማው እንዲበሩ አዘዘ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቁጥሮች ከተመልካቹ የሚለካውን አግድም ርቀት እንጂ ከፍታን አይናገሩም። የከፍታ ልዩነት ከበረራው በፊት በተደረገው ገለጻም ሆነ በአየር ላይ አልተሰጠም። ተዋጊው ወደ ግራ እንዳጋደለ ቦምብ ጣዩን ከግራ ክንፉ ጀርባ መታው።

አብራሪው ከፊቱ ያሉትን ተዋጊዎች መከተል ነበረበት፤ ትኩረቱ እዚያ ነው። አውሮፕላን ሲያጋድል ደግሞ የገዛ አካሉ ዕይታን ይጋርዳል። በዚህ ላይ አንድ የማይታመን የሚመስል ነገር አለ፤ ቀጥ ብለው በሚገናኙ መንገዶች ላይ የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ቦታውን ሳይለውጥ ይቆያል። ዓይናችን የሚሳበው በሚንቀሳቀስ ነገር ነውና፣ አደገኛው ነገር ያ የማይንቀሳቀሰው ነጥብ ነው። ገዝፎ የሚታየው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ዋናውን ምክንያት በአብራሪዎቹ ላይ አላደረገም። መሪውና አዘጋጁ አውሮፕላኖቹ እንዳይቀራረቡ አስቀድመው በቂ ዕቅድ አላወጡም፤ በቅጽበታዊ ትእዛዝና በአብራሪዎች ዓይን ተማመኑ አለ። እኔም ጥፋቱን ከሟቹ አንሥቼ በአንድ የሬዲዮ ሰው ጫንቃ ላይ ልጭን አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ አሠራር በአንድ ቀን አይፈጠርምና።

አዲስ ግኝትም አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በግራንድ ካንየን ሰማይ ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች ሲያልቁ፣ የዓይን ጥበቃ እንደማይበቃ ታውቆ ነበር፤ የአገሪቱ የአቪዬሽን ሕግ ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲስ መልክ የወጣው ከዚያ አደጋ የተነሣ ጭምር ነው።

ትርኢት ሕይወት እንዲኖረው መሪው እንዳመቸው ማዘዝ አለበት የሚሉ አሉ። ይሁን። ነገር ግን «ተዋጊዎች በዚህ ከፍታ፣ ቦምብ ጣዮች በዚያ» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አሁን በክፍሌ ምስሉን መጀመሪያ አላሳይም። የተሰጡትን ትእዛዞች ብቻ በሰሌዳ ላይ ጽፌ የሁለቱን ቡድኖች መንገድ እንዲሥሉ ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ። መሥመሮቹ ሲቋረጡ ያያሉ። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ከፍታው አልተጻፈም።»