ከጠርቡሽ ፋብሪካ እስከ ረመዳን ምሽት



ዛሬ የምናገረው በኢስታንቡል ስለሚገኝ አንድ አሮጌ ፋብሪካ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፋብሪካው ፌስሐኔ ይባላል፤ ፌስ ማለት እኛ ጠርቡሽ የምንለው ቀይ ቆብ ነው። ቦታው ሐሊች በተባለው የባሕር ሰርጥ ዳር፣ የሶሐባው የአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) መቃብር ባለበት በኤዩፕ ሰፈር ነው።

ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ ወታደሮቻቸውን ጥምጣም አስጥለው ጠርቡሽ ሲያስለብሱ፣ ቆቡን አገር ውስጥ ለመሥራት ፋብሪካው በ1830ዎቹ ተቋቋመ። በ1866 በእሳት ጋየ፤ በ1868 እንደገና ተሠራ።

በ1925 ግን የቱርክ መንግሥት የባርኔጣ ሕግ አውጥቶ ጠርቡሽን ከለከለ። ፋብሪካው ስሙን ያገኘበት ዕቃ በአንድ ሕግ ክልክል ሆነ። ሆኖም መኪናዎቹ አልቆሙም፤ የሱፍ ጨርቅ ማምረቱ ቀጠለ። በኋላም ሱመርባንክ በተባለው የመንግሥት ድርጅት ሥር ሆኖ እስከ 1986 ሠራ። በዚያ ዓመት ተዘጋ፤ ብዙው ክፍል ፈርሶ ትልቁ የሽመና አዳራሽ ቀረ።

አዳራሹ በ1992 የኢስታንቡል ቢዬናሌ የተባለው የሥነ ጥበብ ትርዒት ቀረበበት። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ደግሞ በረመዳን ምሽቶች ሕዝቡ ከኢፍጣር በኋላ የሚሰበሰብበት ቦታ ነበር። በ2023 ታድሶ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት፣ የቀረቡት ሥራዎች ለሰፈሩ አይገቡም ያሉ ሰዎች ተቃውሞ አሰሙ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ቤት የሚጠበቀው ሥራ ሲኖረው ነው፤ ባዶ የተተወ ቤት ለዝናብና ለምስጥ ነው። ወቅፍ ያደረጉ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ሱቁ ተከራይቶ መስጊዱን፣ ቤቱ ተከራይቶ መድረሳውን ይረዳ ነበር። ሁለተኛ፣ ግድግዳ ሲተርፍ የሠራተኛው ታሪክ አብሮ አይተርፍም፤ ካልተጻፈ ይጠፋል። የሰፈሩም ሰው ካልተማከረበት፣ የታደሰው ቤት የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ በየሰፈራችን ያለው አሮጌ ወፍጮ ቤት ወይም መጋዘን ይፍረስ ወይስ ይታደስ ከመባሉ በፊት ሹራ እንቀመጥ። በውስጡ የሠሩትን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፈው።