ለልጆቻችን የትኛው ይገዛ?
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሄደው ደብረ ታቦር ለሚማሩ ልጆቻችን ከቁጠባችን በብድር ማንበቢያ ይገዛ ተብሏል። ዕዳውን የምትከፍለው እናት ናትና ከመፈረሜ በፊት በማስመሪያ ለካሁ።

ኪንድል የሚባለው እንደ ወረቀት ይነበባል፤ ባትሪው ሳምንታት ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መደበኛው 6 ኢንች ነው፤ የስክሪኑ ወርድ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሞጁሉ የሚታተምበት ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ፊደሉን ብቻ ማስፋት አይቻልም። የሒሳብ ሠንጠረዥ ከግማሽ በታች ተጨምቆ ማን ያነበዋል?

ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል 10 ኢንች ታብሌት ይሻለናል፤ ያለ ኢንተርኔት ከጓደኛ ይገለበጣል። ሻጩ ስለ ካሜራው ቢለፈልፍ አትስሙት። ልጅቷ ሞጁሏን በካርድ ይዛ እዚያው ሱቅ ከፍታ ታንብብ፤ ካልተነበበላት ብሩ ከሣጥናችን አይወጣም።