ድንገተኛ፦ ከአገር ቤት ስለምናስመጣው ሥር



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ በመቀነት ቋጥረን ስለያዝነው፣ እዚህ ሃርጌሳም መንገደኛ በተገኘ ቁጥር ስለምናስመጣው ስለ ድንገተኛ ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ሆድ በድንገት ሲቆርጥ ወይም ትኩሳት ሲነሣ ሥሩ ይታኘክና ጭማቂው ይዋጣል።

ተክሉ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ የሳይንስ ስሙ ታቬርኒየራ አቢሲኒካ ነው። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ነው። በገበያ በትንንሽ እስር የሚሸጠው ቀጭን ሥሩ ነው።

የአሮጊቶች ወሬ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁሩ ኤርሚያስ ዳኘና ባልደረቦቻቸው ይህን ሥር መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጡ ጥናቶች፣ ከሥሩ የተገኘው ጭማቂ በእንስሳት ላይ ተሞክሮ የተኮማተረ አንጀትን እንደሚያላላ፣ ሕመምንና ትኩሳትንም እንደሚቀንስ ታይቷል።

እንግዲህ የምንፈራውም ይህንኑ ማስታገሱን ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ቀኝ ጎን፣ ወደ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። ድንገተኛ አኝኮ ቁርጠቱ ጋብ ያለለት ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ሲያድር ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ስለዚህ ሕመሙ በአንድ በኩል ከጸና፣ ሆዱ ከደረቀ፣ ትውከት ካልቆመ ወይም ደም ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ምን እንዳኘከም ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት።

ሕፃን ሲያስቀምጠው ደግሞ የሚገድለው የውኃ ማለቅ ነው፤ ይህን ሥሩ አይመልስም። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እስክትደርሱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጠጡት። ጡትም አይከልከል።

ስለ ተክሉ ራሱም አንድ ነገር እንጨምር። ሶማሌዎቹ መልመል የሚሉት ከርቤ ከዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ሙጫው ተለቅሞ ዛፉ ይቆያል። ድንገተኛ ግን ሥሩ ከተነቀለ አለቀ። በአሜሪካ ጂንሰንግ የሚባለው የጫካ ተክልም ሥሩ ስለሚፈለግ ሲነቀል ኖሯል፤ ለመቆፈር እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል። በዚህ የተነሣ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በብዙ ግዛቶች ቆፋሪው ቀይ ፍሬውን እዚያው መልሶ እንዲተክል ሕግ ያስገድደዋል፤ ገበሬዎችም በእርሻ ያለሙታል። የእኛው ድንገተኛ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከዱር እየተነቀለ ነው ገበያ የሚደርሰው።

ዘመዶቻችሁ ሲልኩላችሁ ያልተፈጨውን፣ ከነቅርፊቱ ያለውን ይላኩ። ዱቄት ከሆነ ምን እንደተቀላቀለበት አይለይም። ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳያኝኩት አደራ እንላለን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እናቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው።