በ36 እና በ41 ዲግሪ፦ የራውስ ቫይረስና የህዋስ ለውጥ



ካንሰር አምጪ ቫይረስ ህዋስን አንድ ጊዜ ከለወጠ በኋላ ነገሩ የማይመለስ ነውን? ወይስ ህዋሱ በካንሰርነቱ የሚጸናው ቫይረሱ ያስገባው ዘረመል ሳያቋርጥ ሲሠራ ብቻ ነው? መልሱ ሕክምናን ይነካል፤ የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ያን ዘረመል በመድኃኒት መግታት ከንቱ ድካም ነውና።

ፔይተን ራውስ ከዶሮ ዕጢ የወጣ፣ ህዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ ያለፈ ፈሳሽ በሌላ ዶሮ ላይ ዕጢ እንደሚያስከትል ያስታወቀው በ1911 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1966 ነው፤ ደግነቱ ዕድሜ ሰጥቶታል።

ለውጡን በሳህን ላይ መቁጠር የተቻለው ሃዋርድ ቴሚንና ሃሪ ሩቢን በ1958 ባሳተሙት ዘዴ ነው። ከጫጩት ሽል የተወሰዱ ህዋሳት ጠፍጣፋ ሆነው በአንድ ንጣፍ ይዘረጋሉ፤ ቦታው ሲሞላ መባዛታቸውን ይገታሉ። ቫይረሱ የለወጣቸው ግን ይከብባሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበም ጉብታ ይሠራሉ። የቫይረሱ መጠን በግማሽ ሲቀንስ የጉብታዎቹም ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድን ህዋስ ለመለወጥ አንዲት የቫይረስ ቅንጣት ትበቃለች።

ለጥያቄያችን መልስ የሰጠው ስቲቨን ማርቲን በ1970 ይፋ ያደረገው ልውጥ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በ36 ዲግሪ ሴልሺየስ ህዋሳትን ይለውጣል፤ በ41 ዲግሪ ግን አይለውጥም። 41 ዲግሪ ለእኛ ብርቱ ትኩሳት ቢሆንም ለዶሮ የዘወትር የሰውነት ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ህዋሳቱ አይጎዱም። በሙቀቱ ሥራውን የሚያቆመው የቫይረሱ ፕሮቲን ነው። የተለወጡት ህዋሳት ወደ 41 ዲግሪ ሲሸጋገሩ መልካቸው ወደ ጤነኛው ይመለሳል፤ ወደ 36 ሲወርዱ ዳግም ይለወጣሉ። ቫይረሱ ግን በሁለቱም ሙቀት ይራባል። እኔ በዚህ ዘርፍ ከዚህ የጠራ ሙከራ አላውቅም፤ ዘረመሉ ለካንሰርነት ዘወትር እንደሚያስፈልግና ለቫይረሱ መራባት ግን እንደማያስፈልግ በአንድ ጊዜ አሳይቷልና።

ቫይረሱ ለመራባት የማያስፈልገውን ዘረመል ከየት አመጣው? ስቴሄሊን፣ ቫርመስ፣ ቢሾፕና ፎግት በ1976 የዚህን ዘረመል፣ የሳርክን፣ አቻ በጤነኛ ዶሮ ዲ ኤን ኤ ውስጥ አገኙ። ቫይረሱ ከዶሮዋ የወሰደው ነበር። የሳርክ ፕሮቲን በሌሎች ፕሮቲኖች ታይሮሲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው፤ የቫይረሱ ቅጂ የህዋሱ ቅጂ ያለው ልጓም የለውም።

አብል የተባለው ተመሳሳይ ዘረመልም መጀመሪያ የታወቀው በአይጥ ቫይረስ ነው። በሰው ላይ ቫይረስ ሳይኖር፣ በክሮሞሶሞች መቆራረጥና መገጣጠም ብቻ ልጓሙን ሲያጣ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ያመጣል። በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ይህንኑ ኢንዛይም ይገታል፤ አብዛኞቹ ሕሙማንም በየቀኑ ይወስዱታል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።