ቃልን ከነባልንጀራው
እንግሊዝኛን ስለ መማር የቀረበ ዲስኩር

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የእንግሊዝኛ ቃላትንና ሰዋስውን እንዴት እናዳብር?» የሚል ነው። ርእሱ ሁለት ነገሮችን ያነሣል። የዛሬው ዲስኩሬ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ይሟገታል። ቃላት በአንድ ደብተር፣ ሰዋስው በሌላ ደብተር ተጽፈው ለየብቻ የሚጠኑ ትምህርቶች አይደሉም። አንድን ቃል ከነባልንጀሮቹ፣ ማለትም ከፊትና ከኋላው ከሚመጡት ቃላት ጋር የያዘ ተማሪ ሰዋስውንም አብሮ ይዟል። ትርጉሙን ብቻ የሸመደደ ግን ቃሉን ሲያየው ያውቀዋል እንጂ ሊሠራበት አይችልም።

ጉዳዩ ለእኛ ለምን እንደሚከብድ ለማስታወስ ያህል፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ ይሰጥ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ በአብዛኛው 9ኛ ክፍል ላይ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ 7ኛ ክፍል ላይ፣ ልጁ ትናንት በአማርኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረውን ባዮሎጂ ዛሬ በእንግሊዝኛ ይጋፈጠዋል። ዓረፍተ ነገርን ወደ «ፓሲቭ ቮይስ» ለውጥ ቢሉት ይለውጣል። «አፈር ለምን ይሸረሸራል? በአንድ አንቀጽ አስረዳ» ሲሉት ግን እስክሪብቶው ይቆማል። ስምንት ዓመት የተማረው ስለ እንግሊዝኛ ነበር፤ በእንግሊዝኛ አልሠራበትም።

ከቃላት ምርጫ ልጀምር። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የታተመውን ሁሉ የሚያውቅ እንግሊዛዊ የለም። ሥራው ደግሞ የሚጀምረው ከጥቂቱ ነው። ቤንጋል ውስጥ ያስተማረው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ታዋቂ ዝርዝር 2,000 ያህል ዋና ዋና ቃላትን የያዘ ነበር። እነዚህ ቃላት ከነርባታቸው ከአንድ ተራ ጽሑፍ ውስጥ በግምት 80 በመቶውን ይሸፍናሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ኒውዚላንዳዊቷ አቨሪል ኮክስሄድ በየትምህርት ዘርፉ የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች፤ እነዚህም በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ወደ 10 በመቶ ይጠጋሉ። ጋዜጣና ልቦለድ ያለ ረዳት ለማንበብ፣ የቃላት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው፣ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ተስፋ አያስቆርጡም። እርግጥ ነው፣ 80 በመቶ ማለት ከአምስት ቃል አንዱ አይታወቅም ማለት ነውና ንባቡ ገና ያደናቅፋል። ነገር ግን 570ዎቹን በቀን ሦስት ሦስት የሚያጠና ተማሪ በ190 ቀን፣ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ ይጨርሳቸዋል። ችግሩ ተማሪዎቻችን እነዚህን ትተው ጆሮ የሚሞላውን ማደናቸው ነው። «ዩቢኩዊተስ»ን በቃሉ ይዞ «ሜክ» እና «ዱ» የትኛው የት እንደሚገባ የሚያምታታ ስንቱ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

አንድን ቃል ማወቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ቃል ላይ ላሳይ። «ኤቪደንስ» ከ570ዎቹ ቤተሰቦች በአንዱ ውስጥ ያለ ቃል ነው። የተማሪዎችን ደብተር ስንገልጥ በግራ በኩል «ኤቪደንስ»፣ በቀኝ በኩል «ማስረጃ» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። ትርጉሙ ትክክል ነው። ተማሪው ግን ወደ ድርሰቱ ሲሄድ «ሜኒ ኤቪደንስስ» ብሎ ይጽፋል፤ አማርኛው «ብዙ ማስረጃዎች» ይላልና። እንግሊዝኛው ይህን ቃል አይቆጥርም፤ በብዙ ቁጥር አያረባውም፤ ከፊቱም «አን» አያስገባም። ማስረጃ ማቅረብ ሲፈልግም «ፕሮቫይድ» የሚለውን ግስ ያስቀድማል፤ ጠንካራ ለማለት «ስትሮንግ»ን ይጠራል፤ የምን ማስረጃ እንደሆነ ለመናገር «ኦቭ»ን ወይም «ፎር»ን ያስከትላል።

እንግዲህ ደብተሩ ላይ ከሁለቱ ዓምዶች ይልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ሉሲስ ቦንስ ፕሮቫይድ ስትሮንግ ኤቪደንስ ኦቭ አፕራይት ዎኪንግ።» እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የሉሲ አጥንት ቀጥ ብሎ ስለ መሄድ ጠንካራ ማስረጃ ይሰጣል ማለት ነው። በዚህች አንዲት መስመር ውስጥ ቃሉ፣ ግሱ፣ ቅጽሉ፣ መስተዋድዱና የማይቆጠር ስም ሕግ በሙሉ አሉ። ተማሪው ሉሲን አውጥቶ የጢያን ትክል ድንጋዮች ቢያስገባ፣ ቀጥ ብሎ መሄድን አውጥቶ ጥንታዊ ቀብርን ቢተካ፣ አዲስና ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሠራ ማለት ነው። ሰዋስው የሚዳብረው እንዲህ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በተማሪዎቻችን እጅ የምናየው የኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ መዝገበ ቃላት ታሪኩ የሚጀምረው ከጃፓን ነው። አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1924 ወደዚያ የሄደው ሥነ ጽሑፍ ሊያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹን የቸገራቸው ግን ቋንቋው ራሱ ሆኖ አገኘው። ከቋንቋ ምሁሩ ሃሮልድ ፓልመር ጋር ሆኖ ቃላት ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ከየግሱ ኋላ ምን ዓይነት ቃል እንደሚከተል ሲያጠና ቆየ። መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ውስጥ ታተመ፤ ኦክስፎርድ በ1948 አሳተመው። ለእያንዳንዱ ግስ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን አገባቡንም ጭምር ያሳይ ነበር። ለእኛም ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ይተረጉማል። ተማሪው ግን ትርጉሙን አይቶ መጽሐፉን ይዘጋና ዋናውን ሀብት እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

አሁን አማርኛችን እንግሊዝኛችንን ወዴት እንደሚመራው እንይ። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስለምንል «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም» እንጽፋለን፤ እንግሊዝኛው «አባውት»ን አይፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ጎት ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፤ የእነሱ «ጎት ሜሪድ ቱ» ነው። «ምንም እንኳ ደሃ ቢሆን፣ ግን ደስተኛ ነው» ስለምንል «ኦልዞው» ብለን ጀምረን መሐሉ ላይ «በት» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። ቴሌቪዥን እንከፍታለን፤ እነሱ «ተርን ኦን» ያደርጋሉ።

ከእነዚህ ጠለቅ ያሉም አሉ። አማርኛ «ትናንት ደውዬለታለሁ» ቢል የሚቆጣው የለም። ይህ የእኛ የቅርብ ኃላፊ ነው። ተማሪው ይህንኑ ቅርጽ ይዞ «አይ ሃቭ ኮልድ ሂም የስተርደይ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ «ሃቭ»ን አያስጠጋም፤ «አይ ኮልድ» ብቻ ይበቃል።

የባሰው ደግሞ የሌላን ሰው ንግግር ስናስተላልፍ ነው። «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ስንል የሚመጣው እሱ መሆኑን አማርኛ ሰሚ ይረዳል። ተማሪው ቃል በቃል ሄዶ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት አይ ዊል ከም ቱሞሮው» ሲል ግን እንግሊዝኛ ሰሚው የሚጠብቀው መልእክተኛውን ራሱን ነው። በቀጠሮ ቀን ሌላ ሰው ሲመጣ ይደነቃል። እዚህ ላይ ሰዋስው የነጥብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ማን እንደሚመጣ የሚወስን ጉዳይ ሆኗል።

እነዚህ ስሕተቶች የስንፍና ምልክት አይደሉም። የቋንቋ ምሁሩ ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስገነዘበው፣ የተማሪ ስሕተት በውስጡ ምን ሥርዓት እየገነባ እንደሆነ ያሳያል። የእኛ ተማሪ የሚሳሳተው አማርኛውን በደንብ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ መምህሩ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚለያዩበትን ቦታ ቢያሰምርበት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ስለ «ሪፖርትድ ስፒች» ከሚያብራራው የበለጠ ይጠቅማል። አማርኛ ከክፍል ሊባረር አይገባም።

ወደ ማስታወስ እንለፍ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን በራሱ እየፈተነ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተማርነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላ መጥፋቱ እንደሚዘገይ አሳየ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቅ ይበልጣል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጠው መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን የፈተነው ነው። በፈተና ዋዜማ ያነበብነው ከፈተናው ማግስት የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ደብተር ቀዳችሁ ካርድ ቁረጡ። በፊቱ ላይ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ቃል ጎድሎት ጻፉ፤ በጀርባው ላይ ሙሉውን። ማታ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ እንደገና ጠይቁ። የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለስ፤ የመለሳችሁት ወደ ሩቁ ቀጠሮ ይለፍ። ስልክ ላይ ይህንኑ የሚሠሩ መተግበሪያዎች አሉ፤ ካርዱን በእጅ መጻፍ ግን ራሱ ግማሽ ጥናት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ለዚህ ሁሉ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም ነበር። የማንም አፍ መፍቻ ያልሆነን ቋንቋ የማስተማር የረጅም ዘመን ልምድ አለን፤ ቅኔ ቤት። ግእዝ ዛሬ ከእናቱ የሚሰማው ልጅ የለም። ሆኖም የቅኔ ተማሪ በግእዝ አዲስ ሐሳብ ይፈጥራል። እንዴት ቻለ? ግስ ያወርዳል፤ ርባታውን ያጠናል፤ ማታ ማታ የተማረውን ይቀጽላል። ነገር ግን ግሱ እስኪያልቅ፣ ሰዋስው እስኪሞላ አይጠብቅም። ገና ከጅምሩ ጉባኤ ቃና የተባለችውን ባለ ሁለት መስመር ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። አገባቡ ከጎደለ ወዲያው ይነገረዋል፤ በማግስቱም ሌላ ይዞ ይቀርባል። ከጉባኤ ቃና ዘአምላኪየ ወደሚባለው ቅኔ፣ ከዚያም ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ የወሰደው ሽምደዳውን ብቻ ነው። የተወው ደግሞ ዋናውን ነገር፣ በየቀኑ ትንሽ መፍጠርንና በየቀኑ መታረምን ነው። የእንግሊዝኛ ተማሪም በቀን ሁለት መስመር ይቁጠር። ዛሬ በያዘው ቃል ስለ ሠፈሩ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ገበያው ሁለት ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ለሰው ያንብብ፤ ይታረም።

መምህራን፤ ክፍሉ በተጨናነቀበት፣ ሁሉን ድርሰት ማረም በማይቻልበት ሁኔታ ይህን እንዴት እናድርግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ሁሉን አትረሙ። በሳምንት አንድ ስሕተት ምረጡ፤ ይህ ሳምንት የ«ዲስከስ አባውት» ይሁን፤ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ሁለት መስመር ለዚያች ስሕተት ብቻ ይመልከት። የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራንም የቋንቋ መምህራን ናችሁ። «ሬዛልት» ስትሉ ምክንያት ሲቀድም «ሬዛልት ኢን»፣ ውጤት ሲቀድም «ሬዛልት ፍሮም» መሆኑን በአፈር መሸርሸር ምሳሌ ላይ ብታሳዩ፣ ልጁ ጂኦግራፊውንም እንግሊዝኛውንም በአንድ ጊዜ ያገኛል።

ወላጆች፤ ልጃችሁ እንግሊዝኛ እንዲችል ብላችሁ አማርኛውን አታስጥሉት። በአማርኛ አንቀጽ ማዋቀር፣ ምክንያትና ውጤት ማያያዝ የቻለ ልጅ ያንን ችሎታ ይዞ ይሻገራል።

ተማሪዎች፤ ለእናንተ ያለኝ ቃል አጭር ነው። የሚያምር ቃል አትፈልጉ፤ የሚሠራ ቃል ፈልጉ። ስታገኙት ብቻውን አትውሰዱት። ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚውል፣ የትኛው መስተዋድድ እንደሚከተለው፣ ይቆጠር ወይም አይቆጠር እንደሆነ ጠይቁት። በዚያው ቀን ሁለት መስመር ጻፉበት፤ አሳርሙት። ከዚህ ስትወጡ የምትጽፉት የመጀመሪያ ካርድ «ኤቪደንስ» ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በጀርባው ግን የሉሲን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የራሳችሁን ጻፉ።