ጋዝ አያልቅም፤ ያፈሳል
በአባላት ስብሰባ ላይ ስለ ፍሪጅ አያያዝ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ ሁላችሁም የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ፍሪጅ ነው። ነገሩ ከሒሳብ አይርቅም። ከመካከላችን ወተትና እርጎ፣ ለስላሳ፣ ጭማቂ ወይም ሥጋ የምንሸጥ አለን። ለእነዚህ ሥራዎች ብድር ስንወስድ አብዛኛው ገንዘብ የሚገባው ፍሪጅ ላይ ነው። ፍሪጁ ሲቆም ገቢው ይቆማል፤ የብድሩ ክፍያ ግን አይቆምም።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እኅት በቀን 30 ሊትር ወተት ትሸጣለች፣ በሊትርም 10 ብር ታተርፋለች እንበል። በቀን 300 ብር ማለት ነው። ፍሪጇ ለ10 ቀን ቢቆም 3,000 ብር ትርፍ ቀረ። የተበላሸው ወተት፣ የጠጋኙ ዋጋና ወደ ሌላ ሱቅ የሄደው ደንበኛ ገና አልተቆጠሩም።

ከአረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን ኤሲን በደንብ ያውቁታል። ማጣሪያውን አውጥተው ሲያጥቡ ኖረዋል፤ አቧራ ከሞላው ኤሲው እንደማያቀዘቅዝ አይተዋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ሦስቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ደጋ ናቸው። እንደ ድሬዳዋ ወይም እንደ ሰመራ ቤታችን ኤሲ አያሻውም። ሆኖም ኤሲና ፍሪጅ አሠራራቸው አንድ ነው። ኤሲ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፤ ፍሪጅ ደግሞ የወተቱን ሙቀት ወደ ክፍሉ ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተር የምንለው ኮምፕሬሰር ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ይግላል። ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከጎኑ በተዘረጋው ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ይለቅና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ቱቦ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ይተናል፤ ሲተንም ከውስጥ ያለውን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መንገዱ ዙሪያውን ዝግ ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ሰው ተጠርቶ ያው ገንዘብ ይከፈላል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ችግሩ ጋዝ አይደለም። ስለዚህ ጠጋኝ ከመጥራታችን በፊት በራሳችን የምንመለከታቸው ስድስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መብራቱ። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር እንሞክረው። በአገራችን ፍሪጅ የሚሠራው በ220 ቮልት ነው። ሠፈሩ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ኃይሉ ሊወርድ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,000 ዋት እና ከዚያ በላይ ይወስዳልና። ምጣድና ፍሪጅ በአንድ ዲቫይደር ፈጽሞ አይሰኩም። ሞተሩ ለመነሳት ሞክሮ “ቀጭ” እያለ የሚቆም ከሆነ ኃይሉ አንሷል፤ ወይም ሞተሩን የሚያስነሳው ሪሌይ የተባለ ትንሽ ዕቃ ተበላሽቷል። ሪሌይ ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ “ሞተሩ ተቃጥሏል” ከተባልን አስቀድሞ ሪሌዩ እንዲፈተሽ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ጀርባው። በበጋ የመንገዱ አቧራ፣ በኩሽና የዘይትና የከሰል ጥቀርሻ ከኋላ ያለውን ቱቦ ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሞተሩም ሳያርፍ ይሠራል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለን በደረቅ ብሩሽ በየሦስት ወሩ እንጥረገው። ከግድግዳውም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እናርቀው።

ሦስተኛ፣ የበሩ ጎማ። አንድ የመቶ ብር ኖት በበሩና በጎማው መካከል አድርገን እንዝጋውና እንሳበው። ያዝ ካደረገው ደህና ነው። ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው እየወጣ ነው። ጎማውን በለብታ ውኃና በሳሙና እናጥበው፤ ካልተሻለ እናስቀይረው።

አራተኛ፣ በረዶው። በረዶ የሚሠራ ፍሪዘር ከሆነና ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ነቅለን፣ በሩን ከፍተን በራሱ ጊዜ እንዲቀልጥ እንተወው። በቢላ ወይም በማንኪያ መፈልፈል ክልክል ነው። ከበረዶው ሥር ያለው የጋዝ መንገድ ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል።

አምስተኛ፣ ጭነቱ። ትኩስ ወተት በቀጥታ አይገባም። ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጠን እያማሰልን እናብርደው፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። ዕቃው ተጣቦ አየር ማለፊያ ካጣም ከፊቱ ያለው አይቀዘቅዝም። ወተት ሳይበላሽ እንዲቆይ ውስጡ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቶ ውስጡ ማስቀመጥ ከግምት ያድናል።

ስድስተኛው በተለይ ለሱሉልታ እኅቶቻችን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ከታች ያለው ክፍል ደህና ሆኖ ከላይ ፍሪዘሩ የሚቀልጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ፍሪጅ የሚለካው የታችኛውን ክፍል ነው። ቤቱ ራሱ ከቀዘቀዘ “በቂ ነው” ብሎ ሞተሩን አያስነሳም፤ ፍሪዘሩም ይቀልጣል። በፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት “ቲ” የሚል የላቲን ፊደል ካለ የተሠራው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ላለው ክፍል ነው። መፍትሔው ፍሪጁን ከበረንዳ ወደ ቤት ማስገባትና የመቆጣጠሪያውን ቁጥር በአንድ ከፍ ማድረግ ነው። በሚዞረው መቆጣጠሪያ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል።

መብራት ሲሄድስ? ወዲያው ፍሪጁን እንንቀለው፤ በሩንም አንክፈተው። ካልተከፈተ ፍሪጁ ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ሲመለስ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆይተን እንሰካ። ሞተሩ እንደቆመ በጋዙ መንገድ በአንድ ወገን ትልቅ ግፊት ይኖራል፤ ግፊቱ ሳይረጋጋ ከተነሳ ሞተሩ ይጎዳል። ይህን የሚጠብቅልን ስታብላይዘር ነው፤ ከመግዛታችን በፊት ዘግይቶ የማስነሳት አገልግሎት እንዳለው እንጠይቅ። ተራ ዲቫይደር ከዚህ አይጠብቅም።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት ስለማይፈለግ ፍሪጃችንን የምናጠፋ ካለን፣ አጥበን፣ አድርቀን በሩን ገርበብ አድርገን እንተወው። ተዘግቶ የከረመ ፍሪጅ ይሻግታል፤ ለፋሲካ ወተት ስናስገባ ሽታው ይጠብቀናል።

ፍሪጁ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግን ምንም ሳንሞክር ከቆጣሪው አጥፍተን የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጥራ። ልጆቻችን በባዶ እግራቸው ይነኩታልና ለነገ አይባልም።

ጠጋኝ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ጋዙ ጎድሏል ካሉ፣ የሚያፈስበትን ቦታ ያሳዩን። የሚሞሉት ጋዝ በሞተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው? ለሥራውስ ስንት ጊዜ ዋስትና ይሰጣሉ? በሞተሩ ላይ “አር 600ኤ” ተብሎ ከተጻፈ ጋዙ በእሳት የሚያያዝ ነው። ጥገናው መስኮትና በር ተከፍቶ፣ የከሰል ምድጃና ሻማ ከቤት ወጥቶ ይሁን። ደህና ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም።

አሁን ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ዕቃ ሁሉ ያረጃል፤ በሒሳብ ቋንቋ የእርጅና ቅናሽ እንለዋለን። 36,000 ብር የተገዛ ፍሪጅ 10 ዓመት እንዲያገለግል ብናስብ በወር 300 ብር ያረጃል ማለት ነው። ያን 300 ብር በየወሩ ለብቻው ያስቀመጠች እኅት ፍሪጇ ሲደክም ለጥገናው ወይም ለምትኩ የምታወጣው አላት፤ ያላስቀመጠች አዲስ ብድር ትጠይቃለች። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ ያቀርባል። ለፍሪጅ የሚሰጥ ብድር የስታብላይዘሩን ዋጋ ይጨምር። ተበዳሪዋ ከቁጠባዋ ጋር በየወሩ ትንሽ የጥገና ቁጠባ ታስገባ። በእያንዳንዱ ፍሪጅ ላይም የጽዳት ቀን፣ የጥገና ቀንና የተከፈለው ገንዘብ የሚጻፍበት ካርድ ይለጠፍ። በካርዱ ላይ “ጋዝ ተሞላ” የሚል በዓመት ሁለት ጊዜ ካየን ቀዳዳው እንዳልተደፈነ ሁላችንም እናውቃለን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የሰጣችሁን ፍሪጅ የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል፤ እናመሰግናለን። ከዚህ በኋላ አምስት ፍሪጅ ልትሰጡን ካሰባችሁ አራት አድርጉትና በአምስተኛው ዋጋ ስታብላይዘርና የሁለት ቀን ሥልጠና ስጡን። አራቱ ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ሦስቱ ሐሳቦች ላይ ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።